ያሸነፈው ፈረስ ስሙ ማን ነበር?

ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. እንጅባራ ነበርሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር 85ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ዕለት ነው። ያደግሁት በዚያው አካባቢ ቢሆንም የበዓሉን ሜዳ ካየሁ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማለዳው እንደ ወትሮው ብርዳም ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን በየአቅጣጫው የሚመጣው ፈረሰኛ መንገዱን ሞላው። ዳማው፣ አምባላዩ፣ ጉራቻው በየወገኑ ተሰልፏል። ግላሱ በቀይና በቢጫ ክር ተጠልፎ፣ ልጓሙ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ፈረሱም እንደ ባለቤቱ የበዓል ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ጉግሱ አለፈ፤ ስግሪያው አለፈ፤ ከዚያ ግልቢያው መጣ። ሁለት ፈረሶች ከፊት ሆነው ሲጋልቡ ቆይተው፣ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ከኋላ ተነሥቶ ሁለቱንም ጥሏቸው አለፈ። የጋለበው ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ቀጭን ልጅ ነው። ሕዝቡ ጮኸ፤ እኔም ጮኽሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው እያውለበለቡ እልል አሉ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ቅርብ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጬ «ትናንት ያሸነፈው ፈረስ ስሙ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዳማው?» አለኝ አንዱ።

«አዎ፣ ዳማው።»

«እንጃ ስሙንስ። የአንከሻ ነው መሰለኝ።»

«የለም፣ የዚገም ነው» አለ ሌላው።

«ያምና ያሸነፈውስ?»

ዝም ተባባሉ። የሚገርመው ግን ከበዓሉ እንግዶች መካከል ማን በየትኛው መኪና እንደ መጣ፣ መኪናው ላንድ ክሩዘር ይሁን ሌላ፣ ከፊቱ ስንት አጃቢ እንደ ነበረ አንድም ሳይሳሳቱ ይናገሩ ነበር። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ጨዋታችንን ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ» አሉኝ፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል አልሰማህም? የፈረስ ስም ምን ያደርግልሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእኚያ አባት ዘግይቶም ቢሆን መልስ ለመስጠት ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ነገሩ ባሰብኝ። የመኪና ውድድር የሚወድ አንድ ወዳጅ አለኝ። ጎረቤታችን ኬንያ የምታካሂደውን ሳፋሪ ራሊ እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ እንደ ተጀመረ፣ ሼካር ሜህታ የተባለው ኬንያዊ አምስት ጊዜ፣ በ1973 አንድ ጊዜ ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ በተከታታይ እንዳሸነፈ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 እንደ ተመለሰ ይተርክልኛል። ከተመለሰ ወዲህ ያለውን ጠይቁት፤ 2021 ኦዢዬ፣ 2022 ሮቫንፔራ፣ 2023 እንደገና ኦዢዬ፣ 2024 እንደገና ሮቫንፔራ፣ 2025 ኤቫንስ፤ መኪናው ሁሌም ቶዮታ። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ «እናንተ አገር የፈረስ ውድድር ነበር አሉ፤ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

«ዳማው» አልሁት። ሣቀብኝ።

ወዳጄ የሣቀው ታሪኩን ባለማወቁ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ፋሺስት ኢጣሊያ ያን ጊዜ ገና አገሩን አልለቀቀም፤ ዳንግላና እንጅባራ ከጠላት እጅ የወጡት በ1933 ዓ.ም. ነውና። ዐድዋ ላይ የተሸነፈው ጠላት በአርባ ዓመቱ ተመልሶ መጥቶ፣ ደጃቸው ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ የአገው አባቶች የዐድዋን ጀግኖችና የዐድዋን ፈረሶች የሚዘክር ማኅበር መሠረቱ። በጠላት ፊት «አባቶቻችን ያሸነፉህ በእነዚህ ላይ ተቀምጠው ነው» ብሎ ለፈረስ ዝክር ማውጣት ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነው።

ቀኑም እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ወር በገባ በ23 የሚዘከረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ የምናየው በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ነው። ሰማዕቱ፣ ድሉና ፈረሱ በአንድ ቀን ተገናኙ። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም የሚባሉት ሰባቱ የአገው ቤቶችም በዚያ ቀን በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ። የማኅበሩ አባላት ዛሬ በዐሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አባላቱ የሚገናኙትም ለጥር 23 ብቻ አይደለም፤ በሠርግ ያጅባሉ፣ በለቅሶ ይቆማሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

ታዲያ የእኔ ቅሬታ ምንድን ነው? ዓመቱን ቆጥረናል፤ 80ኛ፣ 84ኛ፣ 85ኛ እያልን። ፈረሱን ግን አልቆጠርነውም። ስለ በዓሉ ያነበብኋቸው ዜናዎች የተገኙትን እንግዶች፣ የተደረጉትን ንግግሮች፣ የአባላቱን ብዛት ይነግሩኛል። የማን ፈረስ እንደ ቀደመ፣ ማን እንደ ጋለበው፣ ፈረሱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግን ፈልጌ አላገኘሁባቸውም። ስለ ፈረስ በተጻፈ ዜና ውስጥ የጠፋው ፈረሱ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለሆናችሁ አንባብያን ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ በቀላሉ ይገባችኋል። እኛ እኮ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነበርን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ራስ አሉላን አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንላለን። በእኛው በጎጃም የበላይ ዘለቀ ስም ያለ አባ ኮስትር አይሟላም። ንጉሡ ዳኘው የተባለው ፈረስ «አባት» ሆኖ ይጠራል ማለት ነው። ሰውየው ስሙን ከፈረሱ ይዋሳል እንጂ ፈረሱ ከሰውየው አይዋስም።

ስሞቹም ተራ ስሞች አይደሉም። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ቃኘው፤ እያንዳንዳቸው ባለቤቱ ለራሱ የገባው ቃል ኪዳን ናቸው። በአንድ ቃል የተጻፈ ግጥም ቢኖር የፈረስ ስም ነው እላለሁ። ዕድሜያቸውም ከፈረሱም ከጌታውም ይረዝማል። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነበር። ራስ መኮንን ካረፉ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ። የአንድ ፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ ፑሳን ወደብ ገባ። የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረስም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በታጠቅ ጦር ሰፈር ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ለፈረስ ስም ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ፣ ለፈረስ ክብር በሚውልበት ቀን የፈረሱን ስም ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ሲገባ እንዴት ዝም ይባላል?

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላውን ብቻ ስወቅስ እንዳልገኝ።

አያቴ ፈረስ ነበራቸው። በአዊ ደጋ ፈረስ ለበዓል ብቻ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ቀንበር ተሸክሞ ያርሳል፤ ገብስ ያበራያል፤ ድንች ገበያ ያደርሳል፤ ሙሽራ ያመጣል። የአያቴ ፈረስ የኋላ አንድ እግሩ ነጭ የሆነ ጉራቻ ነበር። ስሙ መክት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አያቴን አባ መክት ይላቸው ነበር። ጥር 22 ከሰዓት በኋላ መክትን ወንዝ ወስዶ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ውኃው አጥንት ይሰብራል። መክት ግን ዐይኑን ጨፍኖ ይቆምልኛል። በማግሥቱ አያቴ እርካቡን ረግጠው ሲወጡ ዕድሜያቸው በግማሽ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት መክት ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከፊት ከፊት እየተሳበ ሄደ። የማኅበሩ ፈረሰኞች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ሲያለቅስ አላየሁም፤ የሚያስለቅሳቸው ባዶው ኮርቻ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ግን ቤተሰቡ ዕዳ ነበረበትና መክት ተሸጠ። ማን እንደ ገዛው እኔ አልጠየቅሁም።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ዳንግላ ላይ ዕቃ ይዤ ጋሪ ስፈልግ፣ ከቆሙት ጋሪዎች በአንዱ ላይ የኋላ እግሩ ነጭ የሆነ ጉራቻ ፈረስ ታስሮ አየሁ። ጎኑ ገብቷል። ጀርባው ገጣባ ሆኖ ዝንብ ወሮታል። ቀስ ብዬ ቀርቤ «መክት» አልሁት። ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ።

ባለጋሪው «ትሄዳለህ?» አለኝ።

«ስሙ ማን ነው?» አልሁት።

«የማን? የፈረሱ? ፈረስ ነዋ!»

አንድ ብር ከፈልሁና ወጣሁ። ከገበያው እስከ መናኸሪያው ድረስ አያቴ ይቀመጡበት የነበረውን ጀርባ፣ ያንን ቁስል፣ ከኋላ ሆኜ እያየሁ ሄድሁ። ባለጋሪውን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ጋሪ ነው። ግን ስሙን አልነገርሁትም። አፈርሁ። «ይህ ፈረስ መክት ይባላል፤ አያቴ አባ መክት ተብለውበታል» ብለው ምን ነበረበት? ስሙን ቢያውቅ ጅራፉን ይቀንስለት ነበር ወይ? አላውቅም። ነገር ግን ሰው ስሙን በሚያውቀው ፍጡር ላይ እጁ ትንሽ ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን አንዲት ቃል ነፍጌ ወርጃለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እንግዲህ እኚያ አረጋዊ «የፈረስ ስም ምን ያደርግልሃል?» ላሉኝ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። ስም የሌለው ፈረስ በዓሉ ባለፈ ማግሥት «ፈረስ ነዋ!» ይሆናል። ጥር 23 በጥልፍ ግላስ የተሸለመው፣ ጥር 24 ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ የቆሰለ ጀርባው ሳይጠገግ ኮርቻ ይደረግበታል። ሲያረጅም ሜዳ ላይ ለጅብ ይተዋል። የምናከብረው ፈረስን ከሆነ ክብሩ ከሜዳው ውጭም ሊከተለው ይገባል።

ሁለተኛው መልሴ ስለ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የኬንታኪ ደርቢ የተባለው የፈረስ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ ፈረስ ስሙ አሪስቲደስ ነበር፤ የጋለበው ደግሞ ኦሊቨር ሉዊስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያን ቀን ከተወዳደሩት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥቁር ጋላቢዎች ከሜዳው በግፍ ተገፍተው ወጡ። ዛሬ ግን ማንም ተነሥቶ «አልነበሩም» ሊል አይችልም፤ መዝገብ አለና። መዝገብ የሚጠቅመው ለአሸናፊ መኩሪያ ብቻ አይደለም፤ ለተረሳ ሰው ምስክር ነው። እኛም ብንሆን መመዝገብ አያቅተንም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የገባበትን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቃላችን እናውቀዋለን። ለእግራችን የጻፍነውን ለፈረሳችን መጻፍ እንዴት ከበደን?

«ይህ እኮ የዝክር በዓል ነው፤ እንደ ፈረንጅ ውድድር ነጥብ የሚቆጠርበት አይደለም» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ስሙም ማኅበር ነው። ማኅበር ደግሞ አንዱ ጽዋ ለሁሉ የሚዞርበት ነው። ውጤት በዓመት በዓመቱ ሲጻፍ፣ «የእኛ ቤት ስድስት ጊዜ በልጧል፤ የእናንተ ቤት ሁለት ጊዜ» የሚል ፉክክር ይመጣል፤ ከፉክክር ቂም፣ ከቂምም ቁማር ይከተላል የሚለውን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። ሰባቱን ቤት አንድ ሜዳ ላይ የሰበሰበውን ማኅበር እንዲህ ያለ ነገር ቢከፋፍለው እኔም አልፈልግም።

ስለዚህ ደረጃ የሚወጣበት ሰንጠረዥ ይዘጋጅ አልልም። የምለው ወፍራም ባሕር መዝገብ ይገዛ ነው። በየዓመቱ ወደ ሜዳው የገባው ፈረስ ሁሉ፣ የቀደመውም የቀረውም፣ ስሙ ይጻፍበት። መልኩ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ ባለቤቱ፣ ጋላቢው፣ በሌላው ቀን የሚሠራው ሥራ ይጻፍ። ለምን ያ ስም እንደ ተሰጠው ባለቤቱ ይጠየቅ፤ ከዚያ ጥያቄ ብቻ ስንት ታሪክ፣ ስንት ፉከራ፣ ስንት ለቅሶ እንደሚወጣ የቃል ግጥም የሰበሰበ ሰው ያውቀዋል። በአገውኛ የሚጠሩት በአገውኛ፣ በአማርኛ የሚጠሩትም በአማርኛ ይጻፉ። አገውኛ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ሕፃናት በትምህርት ቤት ይማሩበታል፤ እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ሆናለች። ብዕርና ወረቀት አይጠፋም። በዓሉን በዓለም ቅርስነት ለማስመዝገብ የሚደረገው ጥረትም ቢሆን ስም ያለው ፈረስ ይዞ ቢቀርብ ያምርበታል።

ጊዜውም እየሄደ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ካስገባ ወዲህ፣ ሞተር ፈረስን ከመንገዱ እየገፋው ዛሬ ላይ ደርሷል። በእንጅባራና በዳንግላ ጎዳናም ባጃጅ ጋሪውን እየተካው ነው። ለዚህ አላለቅስም፤ የመክትን ጀርባ ያየ ሰው ጋሪ ቢቀር አይከፋውም። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ፤ ያቺ ባጃጅ ሰሌዳ አላት፣ ሊብሬ አላት፣ የሻንሲ ቁጥሯ ሳይቀር በመዝገብ ሰፍሯል። ዐድዋ ያደረሰን ፈረስ ግን አንድ መስመር የለውም። ከእርሻውም ከገበያውም የወጣ ፈረስ በዓመት አንድ ቀን ለማሳያ ብቻ የሚቀርብበት ዘመን ቢመጣ፣ ያኔ የሚጽፍ ቢገኝ እንኳ የሚነግረው አያገኝም። ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ነው፤ አንዳንዶቹም ሻይ ቤት ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለውን ተረት አከብራለሁ። የተነገረው ሰው የራሱን ሥራ ለመሣሪያው እንዳይተው ለመምከር ነው። ያደረሰንን እንድንረሳ የተነገረ ግን አይመስለኝም። በ1932 ዓ.ም. ጠላት ደጃቸው ላይ ቆሞ ሳለ የተሰበሰቡት አባቶችም የተረዱት እንዲህ ነው። ባይሆንማ ለጀግኖቹ ብቻ ዝክር አውጥተው ፈረሶቹን በተዉ ነበር።

የዚያን ዳማ ፈረስ ስም አሁንም እየጠየቅሁ ነው። ዳግመኛ ወደዚያ ሜዳ ስሄድ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፤ ከመግቢያው ላይ ቆሜ የቻልሁትን ያህል ፈረስ ስም እጽፋለሁ። እናንተም በየአገራችሁ የምታውቁት የፈረስ ስም ካለ ከአባቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ግን ከወዲሁ ተይዟል፤

መክት። ጉራቻ፣ የኋላ አንድ እግሩ ነጭ። አራሽ፣ የበዓል ፈረስ፣ በመጨረሻም የጋሪ ፈረስ። ባለቤቱ አባ መክት ተብለውበታል።